ከዘር ሐረግ እስከ ዘረ-መል፦ የቆሽት ካንሰር የውርስ ታሪክና የምዕራብ ሸዋ የጤና ባለሙያ

መግቢያ

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፣ በሆድ ዕቃ ጥልቅ ስፍራ ተጋድሞ የሚገኝ አካል በመሆኑ በውስጡ የሚነሣ ካንሰር ለረጅም ጊዜ ራሱን ሳይገልጥ ይቆያል። ዕጢው የሐሞትን ቱቦ ሲዘጋ የሕመምተኛው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል። ይህንን ምልክት ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ «የወፍ በሽታ» ብሎ ስለሚያውቀው ብዙ ሕመምተኞች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ነው። ወደ ጤና ተቋም ሲደርሱ ግን ቀዶ ጥገና ሊረዳቸው የሚችልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አልፏል። የምርመራና የሕክምና መሣሪያ በተሟላላት በአሜሪካ እንኳ በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል 5 ዓመት የሚኖሩት ከ100 ወደ 13 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ከቆሽት ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ከ100 እስከ 10 የሚደርሱት ከወላጆቻቸው የወረሱት፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘረ-መል ለውጥ እንዳላቸው ዛሬ ይታወቃል። ይህ ዕውቀት የተገኘው በረቀቀ የላቦራቶሪ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ታሪኩ በቅርብ ሲታይ ግን ከመሣሪያው በፊት ጥያቄ ነበረ፤ «ከቤተሰብዎ ውስጥ ማን በምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ጥያቄ ታሪክ በአጭሩ መዳሰስና ጥያቄው በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚገኝ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ምን ፋይዳ እንዳለው፣ ምንስ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመምተኞች አስቀድመው ያወቁት

ካንሰር በቤተሰብ ውስጥ ሊተላለፍ እንደሚችል በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ፈረንሳዊው ፖል ብሮካ ነበር። ብሮካ በ1866 ባሳተመው ሥራው በባለቤቱ ቤተሰብ ውስጥ እስከ አራት ትውልድ የተከሰቱ የጡት ካንሰር ሞቶችን በዝርዝር አስፍሯል። በዚያን ጊዜ ስለ ዘረ-መል የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ ሐኪሙ በእጁ የነበረው የስም፣ የዕድሜና የሞት ምክንያት ዝርዝር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1895 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሊቅ የነበረው አልድረድ ዋርቲን አንዲት ልብስ ሰፊ አነጋገረ። ሴትዮዋ አብዛኞቹ ዘመዶቿ በአንጀት ወይም በማኅፀን ካንሰር ስለ ሞቱ እርሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። ዋርቲን ነገሩን እንደ ተራ ሥጋት አልተመለከተውም፤ የቤተሰቡን ሐረግ መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ሴትዮዋ እንደ ፈራችው በማኅፀን ካንሰር ሞተች። የዚያው ቤተሰብ ተወላጆች ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሲጠኑ ቆይተው በ2000 በሽታውን የሚያመጣው የዘረ-መል ለውጥ ኤምኤስኤች 2 በሚባለው ዘረ-መል ላይ ተገኘ። ይህ የውርስ ሕመም ዛሬ ሊንች ሲንድሮም ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ የአንጀትና የማኅፀን ካንሰርን ከማምጣቱም በላይ ለቆሽት ካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል።

ስሙ የተወሰደበት ሄንሪ ሊንችም ወደ ጥናቱ የገባው በተመሳሳይ መንገድ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ በመጠጥ የተጎዳ ሕመምተኛ የሚጠጣው ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ዘመዶቹ ሁሉ በካንሰር እንደ ሞቱና እርሱም እንደማይተርፍ መለሰ። የሕመምተኛውን ንግግር የስካር ወሬ አድርጎ መተው ቀላል ነበር። ሊንች ግን የቤተሰቡን የሕክምና መዛግብት ሰብስቦ መረመረና ውጤቱን በ1966 አሳተመ። በዘመኑ ካንሰር በአካባቢ ምክንያት ብቻ የሚመጣ ነው የሚለው አመለካከት ሥር የሰደደ ስለ ነበር ሥራው ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት ወስዶበታል።

ከቤተሰብ ዝርዝር ወደ ዘረ-መል

የቆሽት ሕመም በቤተሰብ መተላለፉ በግልጽ የታየው መጀመሪያ በካንሰር ሳይሆን በቆሽት ብግነት ነው። በ1952 ኮምፈርትና ስታይንበርግ የተባሉ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በተደጋጋሚ የቆሽት ብግነት የሚሠቃዩ የአንድ ቤተሰብ አባላትን ሐረግ አሳተሙ። የበሽታው መንሥኤ የታወቀው ከ44 ዓመታት በኋላ፣ በ1996 ነው። ትሪፕሲን የተባለውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ-መል ሲለወጥ ኢንዛይሙ ወደ አንጀት ሳይደርስ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራውን ይጀምርና አካሉን ራሱን ይፈጨዋል። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዓመታት የተጎዳ ቆሽት ካንሰር የማውጣት ዕድሉ እጅግ ከፍ ይላል። በ1997 በወጣ ጥናት እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ 40 በመቶ ያህል ተገምቷል።

በካንሰሩ በኩል ደግሞ ማክደርሞትና ክሬመር በ1973 በአንድ ቤተሰብ የተወለዱ አራት እኅትማማቾችና ወንድማማቾች በቆሽት ካንሰር መያዛቸውን ዘገቡ። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን በሥርዓት ለመከታተል በ1994 በጆንስ ሆፕኪንስ የቤተሰብ የቆሽት ዕጢ መዝገብ ተቋቋመ። ከዚሁ መዝገብ በ2004 በወጣ ጥናት መሠረት በቆሽት ካንሰር የተያዘ አንድ የቅርብ ዘመድ፣ ይኸውም ወላጅ፣ ልጅ፣ እኅት ወይም ወንድም ያለው ሰው ተጋላጭነቱ ከሌላው ሰው 4.6 እጥፍ ነው። እንዲህ ያሉ ዘመዶቹ ሁለት ሲሆኑ 6.4 እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ደግሞ 32 እጥፍ ይደርሳል።

ዘረ-መሎቹ አንድ በአንድ የታወቁት በ1990ዎቹ ነበር። ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 የጡት ካንሰር ውርስ ከ17ኛው ክሮሞዞም ጋር መያያዙን አሳየች፤ ቢአርሲኤ 1 በ1994፣ ቢአርሲኤ 2 በ1995 ተለይተው ታወቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የጡት ካንሰር ዘረ-መል ተብሎ የሚጠራው ቢአርሲኤ 2 የሚገኝበትን ትክክለኛ ቦታ ለማጥበብ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከቆሽት ካንሰር ዕጢ መሆኑ ነው። በ1995 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በአንድ የቆሽት ዕጢ ውስጥ ከ13ኛው ክሮሞዞም የተቆረጠ ክፍል አገኙ፤ ክፍሉም ቢአርሲኤ 2 ይፈለግበት በነበረው ስፍራ ላይ ነበር። በተከታዩ ዓመት የቤተሰብ ታሪክ አላቸው ተብለው ያልተመረጡ 41 የቆሽት ካንሰር ሕመምተኞች ሲመረመሩ በ3ቱ ላይ የተወረሰ የቢአርሲኤ 2 ለውጥ ታየ። በ2009 ፓልቢ 2፣ በ2012 ኤቲኤም የተባሉት ዘረ-መሎች ታከሉ።

የእነዚህ ዘረ-መሎች የዘወትር ሥራ የተሰበረ ዲኤንኤን መጠገን ነው። አንድ ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። አንዱ ቅጂ ከውልደት ጀምሮ የተበላሸ ከሆነ ሁለተኛው እስካለ ድረስ ሴሉ ሥራውን ይሠራል፤ ሁለተኛውም በዕድሜ ሂደት በአንድ ሴል ውስጥ ሲጠፋ ግን ስብራቱ ሳይጠገን ይከማቻል። የተለወጠው ቅጂ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ግማሽ በግማሽ ነው። በ1999 በወጣ ጥናት የቢአርሲኤ 2 ለውጥ ተሸካሚዎች ለቆሽት ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት 3 ነጥብ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ሆኖ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች በዕድሜያቸው ሙሉ የቆሽት ካንሰር አይዛቸውም።

ዕውቀቱ ወደ ሕክምና የተሸጋገረውም በዚሁ መንገድ ነው። የጥገና ጉድለት ያለበት ዕጢ በፕላቲነም መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቃ ሲሆን፣ በ2019 የታተመ ጥናት ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት የቢአርሲኤ ለውጥ ባላቸው ሕመምተኞች ላይ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ3.8 ወር ወደ 7.4 ወር እንዳራዘመ አሳይቷል። አጠቃላይ ዕድሜን በማራዘም ረገድ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ለእኛ ባለሙያዎች የማይርቅ አንድ ቤተሰብ

የ39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ስም ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የካርተር ማዕከል በጊኒ ዎርምና በትራኮማ መከላከል ሥራ ከመሳተፉም በላይ፣ ከ1997 እስከ 2010 በቆየው የኢትዮጵያ ሕዝብ ጤና ሥልጠና ተነሣሽነት አማካይነት የተዘጋጁት የመማሪያ ጥራዞች በየዩኒቨርሲቲው የብዙ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች መማሪያ ነበሩ።

የእኚህ ሰው አባት በ1953 በ58 ዓመታቸው በቆሽት ካንሰር ሞቱ። እኅታቸው ሩት በ1983፣ ወንድማቸው ቢሊ በ1988፣ ሌላዋ እኅታቸው ግሎሪያ በ1990 በዚያው በሽታ ተከተሉ። ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱት አራት ልጆች ሦስቱ በቆሽት ካንሰር ሲሞቱ አራተኛው፣ ጂሚ ካርተር፣ 100 ዓመት ኖረው በታኅሣሥ ወር 2024 ዐረፉ። ካርተር በአንድ ወቅት እርሳቸውን ከአባታቸውና ከእኅት ወንድሞቻቸው የሚለያቸው ሲጋራ አለማጨሳቸው መሆኑን ገልጸዋል። ማጨስ የቆሽት ካንሰርን ተጋላጭነት በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር የታወቀ ነው። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ማስረጃ ባይሆንም ሁለት ነገሮችን ያስተውሏል፤ በቤተሰብ የተደጋገመ ሕመም ሁሉንም አባላት እኩል አይነካም፤ በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች ደግሞ ከዘረ-መል በተጨማሪ ልማድንም ይወርሳሉ። ውርስን ከኑሮ መለየት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ችግር የኢትዮጵያ ሕክምና በሌላ በሽታ ላይ ቀድሞ ተጋፍጦታል።

የዝሆኔ በሽታ ያስተማረን

በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ያለ ጫማ በመሄድ የሚመጣው የእግር ዕብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል። በምዕራብ ሸዋ ሚዳ ቀኝ ወረዳ በተካሄደና በ2012 በታተመ ጥናት ከነዋሪዎቹ 7 በመቶ በሚበልጡት ላይ ተገኝቷል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ጥናቶች በሽታው ከፊላሪያ ትል ሳይሆን ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ በተወሰኑ ቤተሰቦች መደጋገሙንም አስተዋለ። አንድ መንደር ሙሉ በአንድ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲሄድ የሚታመመው ለምን ጥቂቱ ብቻ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን አልተመለሰም ነበር።

መልሱ የመጣው በወላይታ ከተሰበሰቡ የቤተሰብ ሐረጎች ነው። በ2007 በወጣ ጥናት የታማሚ እኅት ወይም ወንድም በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በተጋላጭነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ 63 በመቶው በውርስ የሚገለጽ መሆኑም ተገመተ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ተጋላጭነቱ ከሰውነት መከላከያ ጋር በተያያዘው የኤችኤልኤ ዘረ-መል ክልል ላይ እንደሚገኝ አሳወቁ።

ይህ ግኝት ከመታተሙ በፊት ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው አንድ ጉዳይ ነበር። በዝሆኔ የተያዘ ሰው ቤተሰብ «በሽታው ከዘራቸው ነው» ተብሎ ለጋብቻ ይገለል ነበር። ሳይንስ «ውርስ አለበት» ሲል ይህንኑ መገለል እንዳያጸድቅ ተሠግቶ፣ መገለሉ በጥናቱ የፈቃደኝነት አሰጣጥ ላይ ያለው ተጽዕኖ ራሱን ችሎ ተመርምሯል፤ ውጤቱም በ2009 ታትሟል። ሥጋቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ከላይ የተጠቀሰው ዋርቲን ራሱ «የተበላሸ ዘር» እንዳይራባ መከልከል ይገባል የሚለው የዘር ማጣራት አስተሳሰብ ደጋፊ ነበር፤ የአንዲት ልብስ ሰፊን ቃል በአክብሮት የሰማው ጆሮ ከዚህ ስሕተት አላዳነውም።

ከዝሆኔ የምናገኘው ትምህርት የተሟላ ነው። ተጋላጭነቱ የሚወረስ ቢሆንም በሽታው ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። ስለዚህ «በዘር ይተላለፋል» ማለትና «ምንም ማድረግ አይቻልም» ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የምዕራብ ሸዋ የጤና ባለሙያ በአካባቢው ካለ ምሳሌ ተነሥቶ ማስረዳት ይችላል።

በአምቦ የተመላላሽ ክፍል የዘር ሐረግን መጠየቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን ያገናኛል። ከጎዳናው ራቅ ካለ ቀበሌ የሚመጣ ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የተቀመጠውን ነው። የቤተሰብ ታሪክን መጠየቅ ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም፤ የሚጠይቀው ችሎታ ግን ቀላል አይደለም። በተለይ አምስት ነጥቦችን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፣ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም ለሳንባ ቲቢም ስለሚያገለግል «አክስቴ በነቀርሳ ሞተች» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይገልጽም። የት አካባቢ እንዳመማት፣ በስንት ዓመቷ እንደ ሞተች፣ ሳል ወይስ እብጠት እንደ ነበራት መጠየቅ ያሻል። እንደዚሁ «በወፍ በሽታ ሞተ» ወይም «ጨጓራው ገደለው» የተባለው ዘመድ የቆሽት ካንሰር ሕመምተኛ ሊሆን ይችላልና ቢጫነት፣ ክሳትና ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የእኛ አጠራር የአባትና የአያት ስም ስለሚከተል በካርድ ላይ የሚታየው የአባት ወገን ብቻ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የአባቶቹን ስም የሚያወርድ ሽማግሌ የእናቱን እናት እኅቶች ላይጠቅስ ይችላል። የዘረ-መል ለውጥ ግን በእናትም በአባትም በኩል እኩል ይተላለፋል። የቢአርሲኤ ለውጥ በጤነኛ አባት በኩል አልፎ በአክስትና በልጅ ላይ እንደ ጡት ወይም እንቁልጢ ካንሰር ሊታይ ስለሚችል ሁለቱንም ወገን ለየብቻ መጠየቅ የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ «ወንድሜ» እና «እኅቴ» በአገራችን ለአጎትና ለአክስት ልጅ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ይነገራል። «ከአንድ እናትና አባት ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስሌቱን ይለውጠዋል።

አራተኛ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተዘረጋው የቤተሰብ ማኅደር የሚመዘግበው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን እንጂ በደም የሚዛመዱትን አይደለም። ያገባች ልጅ ወደ ሌላ ማኅደር ትሄዳለች። ስለዚህ የሦስት ትውልድ ሐረግ በሕመምተኛው ካርድ ላይ በእጅ ቢሣል ማኅደሩ የማይሰጠውን መረጃ ይሰጣል።

አምስተኛ፣ ጥያቄው ሕመምተኛው በሚቀለው ቋንቋ፣ በዚህ ዞን በአብዛኛው በኦሮምኛ፣ ወረፋ ጠባቂዎች በማይሰሙበት ሁኔታ መቅረብ አለበት። ሐረጉ የዘመዶችም ምስጢር ጭምር ነውና።

በተገኘው መረጃ ምን ይደረጋል?

የአገራችን የመረጃ ክፍተት መታወቅ ይኖርበታል። በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተመሠረተው የካንሰር ምዝገባ የአዲስ አበባን ነዋሪዎች የሚመለከት በመሆኑ ከአምቦ ሄዶ በመዲናዋ የታከመ ሰው በከተማዋ ስሌት ውስጥ አይገባም። በዓለም ላይ የተከማቸው የዘረ-መል መረጃም በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ስለ ሆነ አፍሪካውያን ሲመረመሩ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ የሚገኝባቸው ይበዛሉ። ከውጭ የመጣ ግምት በእኛ ሕዝብ ላይ እንዳለ እንደማይሠራ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ በ1996 የታተመው የኢትዮጵያውያን ጥናት ነው። ከ122 ሰዎች መካከል 29 በመቶው መድኃኒትን የሚሰባብረው የሲዋይፒ 2ዲ6 ዘረ-መል ተደጋጋሚ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በእነዚህ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ኮዴይን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ የቆሽት ካንሰር ሕመምተኛን ሥቃይ ለማስታገስ ኮዴይን ሲታዘዝ ከመጠን ያለፈ መደንዘዝና የትንፋሽ መዳከም እንዳይከሰት መከታተል ያስፈልጋል።

ይህም ሆኖ ሐረጉን የጠየቀ ባለሙያ ባዶ እጁን አይቀርም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሕመም የማይሰማው፣ ሰውነቱ የከሳ ጎልማሳ ሲመጣ ጉበቱን ብቻ መርምሮ ከመሸኘት ይልቅ የሐሞት ቱቦው መስፋቱን በአልትራሳውንድ ማየትና ያለ መዘግየት ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይገባል። ከ50 ዓመት በኋላ በድንገት የስኳር ሕመም የታየበትና ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ የቆሽት ካንሰር ካለ ጥርጣሬው ይበልጥ ሊጠነክር ይገባል። በቤተሰቡ የጡት፣ የእንቁልጢ ወይም የአንጀት ካንሰር የተደጋገመ ከሆነ ሴቶቹና ወንዶቹ ዘመዶች ለእነዚህ በሽታዎች ምልክት ንቁ እንዲሆኑ ይመከራሉ። የሚያጨስ ካለ ማጨሱን እንዲተው ከሁሉ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ይህ ነውና። ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው ሰዎች በኤምአርአይና በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ የሚደረገው ዓመታዊ ክትትል ለጀልዱ ወይም ለግንደበረት ገበሬ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ በሌለው ክትትል ተስፋ መስጠትም፣ በዘሩ አስፈራርቶ መሸኘትም ተገቢ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከብሮካ እስከ ዛሬ ባለው የ150 ዓመታት ታሪክ ውስጥ የዘረ-መል መርማሪው ሁልጊዜ የደረሰው ሐረግ የመዘገበ ሐኪም ባለፈበት መንገድ ነው። የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ የዘረ-መል መልስ ያገኘው ከ1895ቱ ንግግር 105 ዓመታት በኋላ ነበር፤ መልሱ ሊገኝ የቻለውም ስሞቹና የሞቱ ምክንያቶች በወረቀት ላይ ስለ ተቀመጡ ነው። የዘረ-መል ምርመራ አንድ ቀን ወደ ምዕራብ ሸዋ ሲደርስ ከማን እንደሚጀመር የሚወስነው ዛሬ በካርዶች ላይ የሚሰፍረው የሦስት ትውልድ ታሪክ ይሆናል። ለአሁኑ ሕመምተኛም ልጆች ቢሆን የእናታቸው ቢጫነት ምን እንደ ነበረ በትክክል ተጽፎ መገኘቱ የሚጠቅማቸው ዕውቀት ነው። በመሆኑም የቤተሰብ ታሪክ የሚለውን ባዶ መስመር «የለም» ብሎ ከመዝለል በፊት የእናትንም የአባትንም ወገን ጠይቆ መሙላት ከእያንዳንዱ ባለሙያ ይጠበቃል።